14 ጥርስ ፍሪዊል አስመጣሁ፣ ሞዞዬ አልቀበል አለው

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች።

ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት አለኝ። የብረት ፍሬም፣ 700 በ28 ጎማ፣ ፊት 44 ጥርስ፣ ኋላ 18 ጥርስ ፍሪዊል፣ ፔዳል ሳቆምም ጎማው እንዲዞር የሚተወው ባለ ጥርስ ዕቃ። ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ቦሌ እወርዳለሁ፤ ማታ እመለሳለሁ። ችግሬ ሜዳው ላይ ነው። የኮሪደሩ የብስክሌት መስመር ውስጥ ስገባ እግሬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይሽከረከራል፤ ብስክሌቱ ግን ከዚያ በላይ አይሄድልኝም። ባለፈው አንድ ልጅ መሪው ላይ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ፣ እያፏጨ አለፈኝ።

ኋላ ያለው ጥርስ ሲያንስ ብስክሌቱ እንደሚፈጥን አውቃለሁ። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ባለ 14 ጥርስ ፍሪዊል አስመጣሁ። ከልጆች ጫማና ከቫይታሚን ጋር በሻንጣዋ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ልዩነቱ አራት ጥርስ ብቻ ስለሆነ ብዙም አይከብድም ብዬ ነው።

ትናንት አሮጌውን አስፈታሁ። አዲሱን ሳስጠጋው ጭራሽ አይገባም። ቀዳዳው ከሞዞው፣ ማለትም ከጎማው መሐል ካለው ዕቃ፣ ይጠባል፤ ያለ መለኪያ በዓይን ይታያል። ዕቃው የተበላሸ ነው? ቶርኖ ቤት ወስጄ ቀዳዳውን ላስሰፋው? ወይስ ሞዞውን ልቀይር?

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጨመርኩት፦

ይህ የውይይት ክር 26 መልስ ደርሷል። አሁንም ሰው እየገባ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከላይ ያለውን የሚያነብ ግን የለም። ስለዚህ የተባለውን እዚሁ በራሴ አፍ ልተርክላችሁ። ሁሉንም አልነካም። ፎቶ ብቻ የለጠፉም፣ ዝም ብለው አውራ ጣት የሰጡም አሉ።

መልስ 1 ባጃጅ እንድገዛ መከረኝ። በየክሩ የመጀመሪያው መልስ የእሱ ነው፤ ለምደነዋል።

መልስ 2 ቁምነገረኛ ነው። ማንም ምንም ከማለቱ በፊት በካሊፐር ለክቼ እንድመጣ በትሕትና ጠየቀኝ። ጎረቤቴ ቆርቆሮ ሠራተኛ ስለሆነ ካሊፐሩን ተዋስኩ። የሞዞው ጥምዝ፣ ፍሪዊሉ እየዞረ የሚታሰርበት፣ ከውጭ 34.8 ሚሊ ሜትር ሆነ። የፍሪዊሉ ቀዳዳ ከውስጥ 29 ገደማ። ቁጥሩን ለጠፍኩና ጠበቅኩ።

መልስ 3 ባሕር ዳር ብዙ ዓመት ብስክሌት የጠገኑ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስለ ቋንቋዬ ቆጡኝ። ርዕሱ ላይ «ሃብ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። የጎማው መሐል ላይ ያለው፣ ራጂው ሁሉ የሚሰካበት ዕቃ ስሙ ሞዞ እንደሆነ፣ ልጆች ከስልክ ላይ ስም እየለቀሙ የሙያውን ቃል እንደጣሉት ነገሩኝ። ርዕሱን ያረምኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ። ፍሪዊሉ አልተበላሸም፤ የሌላ ሞዞ ነው። ብዙው የአንድ ማርሽ ሞዞ ጥምዙ ወደ 35 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው የእንግሊዙ ልክ ነው። ከ16 ጥርስ ያነሱት ፍሪዊሎች በአብዛኛው የሚሠሩት ለ30 ሚሊ ሜትር ጥምዝ ነው። ያ ሞዞ ደግሞ በብዛት የሚገኘው በቢኤምኤክስ፣ በትንሽ ጎማው የዝላይ ብስክሌት፣ ላይ ነው። በእሳቸው አነጋገር፣ የጠርሙስ ክዳን ለጀሪካን ገዝቻለሁ።

ቆይ፣ ለምን? ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ፋብሪካ 14 ጥርስ ፍሪዊል ለትልቁ ሞዞ ለመሥራት ምን ይከለክለዋል?

መልስ 5 የክሩ ምርጥ መልስ ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም ባታነቡ እሱን አንብቡ። የጻፈችው ሆላንድ ውስጥ ብስክሌት ጥገና የምትሠራ እህት ናት። ነገሩን በቦታ አስረዳችኝ። የብስክሌት ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7 ሚሊ ሜትር። ሰንሰለቱ ስለማይቀየር የጥርሱ ቁጥር ሲያንስ ክቡ ራሱ ያንሳል። የ16 ጥርስ ክብ፣ ጥርሶቹ ከሚበቅሉበት ሥር ሲለካ፣ ወደ 57 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የ14ቱ 49 ብቻ ነው። አሁን መሐሉ ላይ 35ቱን የሞዞ ጥምዝ አስገቡበት። ለ16ቱ በዙሪያው 11 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ለ14ቱ 7።

በዚያች 7 ሚሊ ሜትር ውስጥ ምን ምን መግባት እንዳለበት ዘረዘረችው። ጥምዙን የሚይዘው የውስጥ ቀለበት። ትርትር የሚሉት ትንንሽ ጥፍሮች። ጥፍሮቹን የሚገፋው ሞላ። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ የብረት ኳሶች። በላዩ ላይ ደግሞ ጥርሶቹ የቆሙበት የውጭ ቀለበት፣ ያውም የሰው ሙሉ ክብደት ፔዳል ላይ ሲቆም የማይሰነጠቅ። ቦታ የለም። ስለዚህ ጥምዙን ወደ 30 አጠበቡት፣ 7ቱ ሚሊ ሜትር ወደ 10 ተጠጋ፣ ሁሉም ገባ። ሰበቡ ይኸው ነው።

አዲሱን 14 ጥርስ መስኮት ላይ አስቀምጬ አየሁት። እውነትም ከቀዳዳው እስከ ጥርሱ ያለው ብረት ሁለት ጣት አይሞላም፤ ያ ሁሉ ጉድ ግን እዚያ ውስጥ ተጠቅጥቋል። በጣት ወደ ኋላ ሳዞረው ይተረትራል፣ ወደ ፊት ሲሆን ቀጥ ይላል። አራት ዓመት በፍሪዊል ነድቼ አንድ ቀን እንኳ ውስጡ ምን አለ ብዬ አላውቅም።

መልስ 6 አልተዋጠለትም። ቤቱ ያለው አሮጌ ባለ አምስት ማርሽ ብስክሌት ትልቁ ሞዞ ላይ ነው፤ ትንሿ ጥርሱ ግን 14 ናት። ታዲያ እንዴት ሆነ ብሎ እህታችንን ትንሽ ጎነጥ አደረጋት። በመልስ 7 ተመልሳ መጣች፤ አልተቆጣችም። በባለ ብዙ ማርሹ ላይ ትንሿ ጥርስ የተቀመጠችው ከዳር ነው፣ ከስሯ የሞዞ ጥምዝ በሌለበት በኩል። ጥምዙ ያለው ከትልልቆቹ ጥርሶች ስር ነው። በአንድ ማርሽ ላይ ግን ያለችው ጥርስ አንዲት ናት፣ ጥምዙም በቀጥታ ከሥሯ ነው፣ መሸሻ የላትም። መልስ 6 ሄዶ ብስክሌቱን አይቶ መጣና ይቅርታ ጠየቀ። እዚህ ቤት ይቅርታ ስንት ጊዜ እንደታየ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ለታሪክ እንዲቀመጥ ብዬ ነው።

ከዚያ ቶርኖ መጣ። መልስ 8 ቶርኖ ቤት የሚሠራ ልጅ ይመስላል። የፍሪዊሉን ቀዳዳ ማስፋት የማይሆን መሆኑን ተቀበለ፣ ብረቱ በእሳት የጠነከረ ነውና። ግን ሞዞውን ከ35 ወደ 30 ቀርፎ አዲስ ጥምዝ ሊያወጣልኝ ቃል ገባ፣ በነፃም። መልስ 9 በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰው ለመግደል ነው ወይ አለው። ቃሉን ከዚህ የበለጠ ማለሳለስ አልችልም። መልስ 10 ነገሩን አበረደና ምክንያቱን አስቀመጠ። ሞዞዬ አልሙኒየም ነው። ከጥምዙ ስር የኩሽኔታው ማረፊያ አለ። በዙሪያው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ሲቀረፍ የሚቀረው ግድግዳ ስስ ነው፤ ፔዳል ላይ ቆሜ ዳገት ስገፋ ሊሰነጠቅ ይችላል። መልስ 8 ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ አነጋገሩን ግን ትንሽ ብናለዝበው ጥሩ ነበር።

መልስ 11 ሁላችንም የረሳነውን ጠየቀ። ቤቴ የት ነው? ፈረንሳይ ለጋሲዮን ብዬ ጽፌ የለ? ታዲያ ማታ በ14 እንዴት ልወጣው ነው? ሒሳቡን ሠራልኝ። በእኔ ጎማ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር በ44 ለ18 ወደ 5 ሜትር ከ20 እሄዳለሁ። በ44 ለ16 ወደ 5 ሜትር ከ85። በ44 ለ14 ወደ 6 ሜትር ከ70። በደቂቃ 80 ጊዜ ብረግጥ በሰዓት 25፣ 28 እና 32 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሜዳ ላይ ደስ ይላል። ዳገት ላይ ግን ፔዳሉ ከ18ቱ ይልቅ ከሩብ በላይ ይከብዳል፤ ማርሽ ደግሞ የለኝም። አራት ጥርስ ብቻ ማለቴንም አረመኝ። ኋላ የምትቀነስ አንዲት ጥርስ ፊት ላይ ሦስት ጥርስ እንደመጨመር ናት። ስለዚህ የጠየቅኩት አራት ሳይሆን አሥራ ሁለት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በ18ቱም ቢሆን የመጨረሻዋን ዳገት አንዳንዴ ወርጄ ነው የምገፋው።

መልስ 12 መፍትሔው ፊት ለፊት ነው አለ። ሞዞ ሳይነካ፣ ኋላ 16 አድርጎ ፊት 50 ቢታሰር ያው 44 ለ14ን ያህላል። በዚያ ላይ ትልልቅ ጥርሶች ቀስ ብለው ነው የሚያልቁት፤ ሰንሰለቱም ትንሽ ክብ ላይ ሲታጠፍ ይበልጥ ይለፋል። ፊቱን ለመቀየር ጥርሱን የያዙት ቡሎኖች የተቀመጡበት ክብ ስፋት ብቻ ይለካ፣ ሰንሰለቱም ይረዝም ይሆናል። አጭርና ጥሩ መልስ። ያላነሳው አንድ ነገር፣ የመልስ 11 ዳገት አሁንም እዚያው ነው።

ከ13 እስከ 17 ያለውን በፍጥነት እለፈው፤ ጦርነት ነው። በርሊን የሚኖር አንድ ወንድም ፍሪዊል የሚባል ነገር ጨርሶ እንድጥልና ጥርሱ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረውን፣ ፔዳል ማቆም የማይቻልበትን እንዳስገባ መከረ። በእሱ ሒሳብ ፍሪዊል የሰነፍ ዕቃ ነው። መልስ 14 ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ እንዲህ ባለ ብስክሌት ወርዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። መልስ 15፣ ያው በርሊን፣ እግር ራሱ ፍሬን መሆኑን አስረዳ። መልስ 16 በርሊን ሜዳ መሆኗን አስታወሰውና ስለ እግሩ ሌላም ጨመረ፤ አልደግመውም። አወያዩ ገብቶ ሁለት መልስ አጠፋ።

ከጭቅጭቁ ግን አንድ ቁምነገር ወጣ፣ ከመልስ 17። ለሁለቱም ወገን የሚሆን ሞዞ አለ፤ ጎማውን ገልብጦ በግራ ወይም በቀኝ የሚሠራ። በአንዱ በኩል ፍሪዊል፣ በሌላው አብሮ ዟሪው። አብሮ ዟሪው በኩል ሁለት ጥምዝ አለው። ሁለተኛው ግራ ዙር ነው፤ ጥርሱ እንዳይፈታ ቆልፎ የሚይዘው ቀለበት እዚያ ይታሰራል። ዋናው ጥምዝ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፍሪዊል ያለ ስጋት እዚያ በኩል ሊታሰር ይችላል። የተገላቢጦሹ ግን አደገኛ ነው። አብሮ ዟሪ ጥርስ ፍሪዊል በኩል ከታሰረ ቆላፊ ስለሌለው፣ በእግር ለማቆም ሲሞከር ተፈትቶ ይወጣል። ፍሪዊል ላይ ያለ ሰው ደግሞ የፊትም የኋላም ፍሬን ይኑረው። በዚህ ላይ በርሊንም ሽሮ ሜዳም ተስማሙ።

መልስ 18 ከርዕስ ወጣ፤ እኔ ግን ወደድኩት። ቱር ደ ፍራንስ ላይ ማርሽ መቀያየሪያ የተፈቀደው በ1937 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎቹ ዳገት ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ የኋላውን ጎማ ፈትተው፣ ገልብጠው ነበር የሚያስሩት። በአንዱ በኩል የሜዳ ጥርስ፣ በሌላው የዳገት። ይህን ካነበብኩ በኋላ የኔ ብሶት በጣም አነሰብኝ።

መልስ 19 እንደገና የባሕር ዳሩ ጋሼ ናቸው። አሮጌው ፍሪዊል እንዴት እንደተፈታ ጠየቁኝ። እውነቱን ተናገርኩ፣ የሠፈር መካኒክ በመሮና በመዶሻ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ አጠገቡ ቆሜ መብራት ይዤለታለሁ። ሽፋኑን መትቶ መትቶ አስለቀቀው። ኳሶቹ መሬት ላይ እንደ ብይ ተበተኑ፤ ልጆች ለቀሟቸው። የቀረውን ቀለበት በሞርሳ ይዞ ፈታው። የጋሼ ቁጣ ከስልኬ ወጥቶ ሊመታኝ ምንም አልቀረው። ፍሪዊል በረገጡት ቁጥር ይበልጥ ስለሚጠብቅ ራሱን የቻለ መፍቻ አለው። አራት ጥርስ ያላት፣ አራቱ ጉድጓድ ውስጥ ልክ የምትገባ። አፈታቱን እንዲህ ዘረዘሩት። መፍቻዋ ትገባለች። እንዳትወጣ በጎማው ዳዶ በስሱ ትያዛለች። ሞርሳ ላይ ትታሰራለች። ከዚያ ሙሉውን ጎማ እንደ መኪና መሪ በሁለት እጅ ወደ ግራ ማዞር ነው። ቀጭ ሲል ዳዶውን ላላ ማድረግ፣ ቀሪውን በእጅ። አዲሱ ሲታሰር ደግሞ ጥምዙ ላይ ግራሶ፣ መጀመሪያም በጣት ብቻ ማዞር። በጣት እምቢ ያለውን በቁልፍ የሚያስገድድ ሰው አልሙኒየሙን ይበላዋል። የትንሹ ፍሪዊል ጉድጓዶች ስለሚቀራረቡ መፍቻው ሌላ መሆኑንም አከሉ። እኔ ደግሞ ሁለቱም የለኝም።

መልስ 20 ስለ ጥራት ነው። ርካሹ ፍሪዊል ሁለት ጥፍር አለው፣ ውኃ ሲገባበት ይደርቃል፣ አልቆ ይጣላል። ሺማኖ መሐል ላይ ነው። ኋይት ኢንዱስትሪስ የሚባለው ተፈትቶ የሚታደስ ነው፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ስለ ሰንሰለትም አንድ ነገር ጣል አደረገ። ወፍራሙ ሰንሰለት ቀጭን ጥርስ ላይ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ወፍራም ጥርስ ላይ አይቀመጥም። ሲገዛ ይህም ይታይ።

መልስ 21 ሞዞውን ሙሉ በሙሉ ለሚቀይር ሰው ጻፈ። መጀመሪያ ፍሬሙ ከውስጥ ወደ ውስጥ ይለካ፣ የኋላው ጎማ በሚገባበት ቦታ። ቢኤምኤክስ አብዛኛውን ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ነው፣ የትራክ ብስክሌት 120፣ የቆየው የመንገድ 130፣ የቆየው የተራራ 135። የኔ 120 ነው። ስለዚህ የ110 ቢኤምኤክስ ሞዞ ያለ ማካካሻ ቀለበት አይሆነኝም። በዚያ ላይ የቢኤምኤክስ ሞዞ የራጂ ቀዳዳው 36 ወይም 48 ነው፤ የኔ ቸርኬ 32። ለአንድ ፍሪዊል ብዬ ጎማ እንደ አዲስ ላሳስር? እዚህ ላይ ነገሩ በቃኝ።

መልስ 22 ሰንሰለት ለምን ካቴና እንደማይባል ጠየቀ። መልስ 23 ካቴና እጅ ላይ የሚገባው ነው አለው። መልስ 24 ቃሉ በጣልያንኛ ሰንሰለት ማለት መሆኑን ሊያስረዳ ሲሞክር ክሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሬ ዞረ። እተወዋለሁ።

መልስ 25 አጭር ነበር። የ16 ዓመት ልጅ ነው፣ ሳሪስ አካባቢ። ቢኤምኤክስ አለው። ሞዞው በአንዱ በኩል ትልቁ ጥምዝ ነው፣ 16 ጥርስ ታስሮበታል። በሌላው በኩል ምንም ያልታሰረበት ጠባብ ጥምዝ አለ፤ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፣ ይህን ክር እስኪያነብ። በትሕትና ጋሼ ብሎ ጠራኝ፣ 31 ዓመቴ ነው። 14ቱን ከሸጥኩለት እንደሚገዛ፣ ገንዘብ ካነሰው ደግሞ የአጎቱን ባለ አራት ጥርስ መፍቻ እንደሚሰጠኝ ጻፈ።

ቅዳሜ ተገናኘን። ብስክሌቱን ገልብጦ ጎማውን ፈታ። ጥምዙን በጨርቅ ጠረግን፤ ጥቁር ነበር። ግራሶ ቀባን። 14ቱን አስጠግቶ በሁለት ጣት አዞረ። ያለ ምንም ድምፅ እስከ መጨረሻው ገባ። እኔ ለሦስት ሳምንት የተጨቃጨቅኩበት ዕቃ በአምስት ሰከንድ ቤቱን አገኘ። ልጁ ግን ደስታው ብዙ አልቆየም። ፊቱ 44 ስለሆነ በ14 ከባድ ነው። ወደ 38 ወይም 39 ማውረድ አለበት፤ ያኔ የለመደው 44 ለ16 ጋር ይቀራረባል። ያንን ሲሰማ ፊት ጥርስ ያለው ሰው እንዲጠቁመው መልስ 26 ላይ ጠይቋል። ያላችሁ ጻፉለት።

እኔ መፍቻውን ይዤ መጣሁ፣ ባለ 16 ጥርስም ገዛሁ። ፊቱን አልነካሁም። ትናንት ማታ ከቦሌ ስመለስ የመጨረሻዋን ዳገት አሁንም ወርጄ ገፋሁ። ባለ ፌስታሉን ልጅ ግን ጠዋት ሜዳው ላይ አግኝቼው ነበር። ባዶ እጁን ነበርና አልቆጥረውም።